አዲስ ራውተርና አሮጌ እምነት፦ ስለ ኢንተርኔት መዘግየት ተረቱና እውነታው

ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒ እስከ በበቃ በተዘረጋው የቡና ምድር፣ የቤት ኢንተርኔት የጥቂቶች ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ፣ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለጥናቱ፣ የቡና ነጋዴው ዋጋ ለመጠየቅና ገንዘብ ለማስተላለፍ፣ ልጇን ባሕር ማዶ የሰደደች እናትም የልጇን ድምፅ ለመስማት ዕለት ዕለት የሚሹት ነገር ከሆነ ወዲህ፣ ከዕቃው ጋር አብሮ ወደየቤቱ የገባ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም «ኔት ሲዘገይ ራውተሩን በትልቅ ለውጥ፤ ከዚያም በኋላ ከዘገየ ፓኬጁን አሳድግ» የሚለው ነው።

ይህ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የደግ ጎረቤት ምክር ይመስላል፤ ፍሬው ግን መራራ ሆኖ አይቼዋለሁ። በሚዛን ተፈሪ የማውቀው አንድ ቤተ ሰብ፣ የቡናው ገንዘብ እጅ በገባበት ወራት፣ ለዓመታት ያገለገለውን ራውተር አንሥቶ ባለ ብዙ አንቴና አዲስ ራውተር በቦታው አኖረ። በመጀመሪያው ቀን ፊልሙ ጥርት ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ስለታየ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ሲመሽ ግን እናቲቱ በቤይሩት ከምትሠራው ልጃቸው ጋር መነጋገር ሲጀምሩ፣ ድምፁ እየዘገየ ስለሚደርስ አንዷ የሌላይቱን ቃል ሳትሰማ መናገር ትጀምራለች፤ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ሁለቱም እንደገና በአንድነት ይጀምራሉ፤ እንዲህ ሆኖ ጨዋታው ከአሮጌው ራውተር ዘመን ይልቅ የባሰ አስቸጋሪ ሆነ። ሻጩ ቢጠየቅ «ዕቃውስ ትልቅ ነው፤ ያነሰው ፓኬጁ ነው» አለ። ልጅቱም ይህን በሰማች ጊዜ ከደመወዟ ቀንሳ ገንዘብ ላከች፤ ፓኬጁ አደገ፤ መዘግየቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጡ ሰዎች አንዳች ነገር ሳይለኩ፣ ገመዱን ሳይነኩ፣ «መቼ መቼ ይዘገያል?» ብለው እንኳ ሳይጠይቁ ፍርድ ይሰጣሉ፤ ከወጪው ግን ሰባራ ሳንቲም አይካፈሉም። የቡና ገበሬ ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለቤት ክዳን፣ ለሕክምና የታሰበ ገንዘብ ነው። እርሱን ያለ ዕውቀት በሚነገር ቃል ማስወጣት ቀላል በደል ተደርጎ ሊታለፍ አይገባውም።

ነገር ግን እምነቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት ከፍትሕ መራቅ ይሆናል። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ተጠቃሚው በስልክ መስመር እየደወለ ይገናኝ በነበረበት ጊዜ፣ መስመሩ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ብቻ ያሳልፍ ስለነበር፣ ሁለት ሜጋ ባይት የሚመዝን አንድ ፎቶግራፍ ለማውረድ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። በዚያ ዘመን የጠበበውን ማስፋት የዘገየውን ሁሉ ማፍጠን ነበረ፤ ሕዝቡም ይህን በተግባር አይቶ አመነ። ዛሬም ቢሆን ስድስት ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ ፊልም በሚያዩበት ጊዜ ጠባብ መስመር ሁሉንም ያጉላላል፤ ያረጀ ራውተርም የቆየ የዋይፋይ ሥርዓት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ መለወጡ ይጠቅማል። ስሕተቱ የሚጀምረው ለአንድ ደዌ የተገኘውን መድኃኒት ለሌላው ደዌ በማዘዝ ነው።

ምክንያቱም እዚህ ላይ ሁለት ልዩ ልዩ መለኪያዎች አሉ። አንደኛው መስመሩ በአንድ ሰከንድ ስንት ቢት ያሳልፋል የሚለው ሲሆን፣ በሜጋ ቢት ይለካል፤ ፓኬጅ ሻጭ የሚሸጠው ይህን ነው። ሁለተኛው አንዲት ትንሽ መልእክት ከቤት ወጥታ፣ ተቀባይዋ ዘንድ ደርሳ፣ መልስ ይዛ እስክትመለስ ስንት ጊዜ ይወስዳል የሚለው ነው፤ ይህ በሚሊ ሰከንድ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ይለካል፤ ወጣቶቻችን ፒንግ የሚሉትም ይህንኑ ነው። ፊልም ለማየት የሚያስፈልገው ፊተኛው ነው። ለንግግር፣ ለፈተና፣ ለቃለ መጠይቅና ለጨዋታ ግን የሚያስፈልገው ይልቁንም ኋለኛው ነው፤ የድምፅ ጥሪ በሰከንድ ከ100 ኪሎ ቢት ያልበለጠ መስመር ይበቃዋልና፣ አንድ ሜጋ ቢት ያለው ቤት ለጥሪ አሥር እጥፍ የሰፋ መንገድ አለው ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ንግግር ያወጣው መመሪያ እንደሚለው፣ የአንድ ወገን መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ካልበለጠ ሰው ለሰው ያለ ችግር ይነጋገራል፤ ከ400 ካለፈ ግን ንግግሩ ይበላሻል።

ከዚህ መዘግየት አንዱ ክፍል ከተፈጥሮ ሕግ የሚመጣ ስለሆነ፣ በገንዘብ የሚሻር አይደለም። ፋይበር በሚባለው የመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሚዛን ተፈሪ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ክሩ ይህን መንገድ ተከትሎ ቢሄድ ብርሃኑ ደርሶ የሚመለሰው ስድስት ሚሊ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ነው። አገራችን የባሕር በር የላትምና ወደ ውጭ የሚሄደው መልእክት በጎረቤት አገሮች በኩል፣ ከእነርሱም አንዷ በሆነችው በጅቡቲ፣ ከባሕር ውስጥ ገመድ ጋር ይገናኛል፤ እንግዲህ የገመዱ ርዝመት 1000 ኪሎ ሜትር በጨመረ ቁጥር ደርሶ መልሱ 10 ሚሊ ሰከንድ ይጨምራልና፣ 7000 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኝ ማሽን 70 ሚሊ ሰከንድ ግድ ነው። ፓኬጅ ቢያድግ ብርሃን ፍጥነቱን አይጨምርም፤ ራውተር ቢለወጥ ጅቡቲ ወደ ሚዛን አትቀርብም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ተደምሮ ቤይሩትን የመሰለ ከተማ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ከቶ አይችልም። ታዲያ በእናቲቱና በልጅቱ መካከል የገባው ያ ረጅም ዝምታ ከየት መጣ?

መልሱ በሰልፍ ውስጥ ይገኛል። በመከር ወራት ማምሻውን ወደ አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሄደ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። ማሽኑ አንድ ነው፤ በሰዓት የሚፈለፍለውም መጠን የታወቀ ነው። አርባ ጆንያ የጫነ ነጋዴ ቀድሞ ከደረሰ፣ አንዲት ቅርጫት ይዛ የመጣች ሴት የእርሷ ቡና በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሳለ የአርባውን ጆንያ ፍጻሜ ልትጠብቅ ግድ ይሆንባታል። ባለ ጣቢያው ሰልፉን አይቶ ቅጥሩን ቢያሰፋ፣ ብዙ ጆንያ የሚደረደርበት ቦታ ተገኘ እንጂ ማሽኑ አንዲት ፍሬ አልጨመረም፤ የሴቲቱም ጥበቃ ረዘመ እንጂ አላጠረም። በራውተር ዘንድ ማሽኑ ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ነው፤ ቅጥሩ መልእክቶች ተራቸውን የሚጠብቁበት ማኅደር ነው፤ አርባው ጆንያ በስልክ የተነሣ የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ቅርጫቱ ደግሞ የእናቲቱ ድምፅ ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንድ ራውተር 256 ኪሎ ባይት የሚይዝ የሰልፍ ማኅደር አለው እንበል፤ ይህም በዛሬ ዕቃ ዘንድ ከምንም የማይቆጠር ትንሽ ነገር ነው። ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ግን በሰከንድ 512 ኪሎ ቢት ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ በመዳብ ሽቦ በሚሠራው ኤዲኤስኤል በሚባለው አገልግሎት ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ወደ ቤት ከሚገባው እጅግ የጠበበ ነውና፣ ያ ማኅደር ሞልቶ ሳለ መጨረሻ የገባች መልእክት ተራዋ እስኪደርስ አራት ሰከንድ ትቆማለች። አራት ሰከንድ ማለት ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ 800,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ባሕሩን ሁሉ አቋርጦ የሚመለስ ድምፅ የዘገየው በባሕሩ ላይ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው ማለት ነው።

ይህ ምሥጢር ለሊቃውንቱም ቢሆን ወዲያው የተገለጠላቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው መስመር፣ ርቀቱ ከ400 ያርድ የማያልፍ ሲሆን፣ በሰከንድ 32,000 ቢት ያሳልፍ የነበረው በመጨናነቅ ምክንያት ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን የሚባለው ሊቅ ከሚካኤል ካርልስ ጋር ሆኖ መንሥኤውን መርምሮ፣ ላኪው የመስመሩን ጭንቀት እያየ ራሱን የሚገታበትን ሥርዓት አስገኘ፤ ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ1988 ታተመ። ልብ ይባል፤ መድኃኒት ሆኖ የተገኘው መስመሩን ማስፋት ሳይሆን ላኪውን ሥርዓት ማስያዝ ነበረ። ከዚያም የማኅደር ዋጋ እየረከሰ ሄዶ የዕቃ ሠሪዎች ሰፋፊ የሰልፍ ማኅደር በየራውተሩ ውስጥ ባስገቡ ጊዜ፣ ያው ደዌ በሌላ መልክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ጂም ጌቲስ የተባለ መሐንዲስ በገዛ ቤቱ ትልቅ ፋይል እያስተላለፈ ሳለ መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲሆን አይቶ፣ በሽታው በዓለም ሁሉ የተስፋፋ መሆኑን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ያው ቫን ጃኮብሰን ኮዴል የተባለውን የሰልፍ መቆጣጠሪያ ጥበብ አወጡ፤ ትንንሾቹን መልእክቶች ከትልልቆቹ ለይቶ ተራ የሚሰጠው ኤፍ ኪው ኮዴልም እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ ሰነድ ተጻፈ። መድኃኒቱ እንግዲህ ታውቋል፤ የጎደለው በየቤቱ መድረሱ ነው።

አዲስ ራውተር በገባ ማግስት መዘግየቱ ለምን እንደሚብስም ከዚህ በኋላ ግልጽ ይሆናል። በፊት አሮጌው ራውተር የዋይፋዩ ፍጥነት ዝቅተኛ ስለነበረ፣ ስልኮቹ ወደ እርሱ የሚገፉት ጭነት በራሱ የተገታ ነበረ፤ አዲሱ ግን በአየር ላይ በሰከንድ በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ቢት እየተቀበለ፣ ሳይሰፋ በቀረው የውጭ መስመር ደጃፍ ላይ ያከማቸዋል። ደግሞም አሮጌው ራውተር ምናልባት አንድ ባለሙያ ለጥሪ ቅድሚያ ሰጥቶ ያዘጋጀው ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ከካርቶኑ እንደወጣ ሲተከል ያ ዝግጅት ሁሉ ቀርቷል። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው አሮጌውን ሳያጠፋ አዲሱን ከኋላው ይቀጥለዋል፤ ሁለቱም በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ የሞገድ መሥመር ላይ፣ ዋይፋይ እያሰራጩ አየሩን ይሻማሉ። ይህ ሁሉ የሚታረመው ያለ አንዳች ግዢ ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይገባል፤ መለኪያውም ነጻ ነው። ፒንግ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ጽፎ ለዓለም ሰጥቶታል፤ በኮምፒውተር ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ ለስልክም በነጻ የሚጫን ብዙ አለ። አንደኛ፣ ከራውተሩ አጠገብ ተቁሞ፣ ቢቻል በገመድ፣ ወደ ራውተሩ አድራሻ ይላክ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ሲሆን በዕቃው ሥር ተጽፎ ይገኛል። በገመድ ከሆነ መልሱ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ በዋይፋይ ከሆነ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ መመለስ አለበት። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ተሂዶ ይደገም፤ አሁን ቁጥሩ ወደ መቶዎች የሚዘልል ከሆነ ችግሩ በዋይፋዩ፣ ማለትም በቤቱ አየርና ግድግዳ ነው። ሁለተኛ፣ ከሚለካበት መሣሪያ በቀር በቤቱ ያሉ ስልኮች ሁሉ ከዋይፋይ ተላቀው፣ ወደ ውጭ፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፣ ይላክና ቁጥሩ ይጻፍ፤ ይህ የመስመሩ የዕረፍት ጊዜ መዘግየት ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም እየተላከ ሳለ ያው ይደገም። በዕረፍት ጊዜ 90 የነበረው በሥራ ጊዜ 1500 ከሆነ፣ ሰልፉ በቤት ውስጥ መሆኑ ተረጋገጠ።

የፍጥነት መለኪያ የሚባሉት ገጾች «40 ሜጋ ቢት» ብለው ትልቅ ቁጥር በማሳየታቸው ብቻ ጤንነት አይመሰከርም፤ ያ ቁጥር ስለ ማሽኑ ስፋት ይናገራል እንጂ ስለ ሰልፉ ርዝመት አይናገርም። ከእነዚህ ገጾች አንዳንዶቹ ዛሬ በጭነት ጊዜ ያለውን መዘግየት ለይተው ስለሚያሳዩ፣ መታየት ያለበት ያኛው ነው።

ሰልፉ ከቤት መሆኑ ከታወቀ መድኃኒቱ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በስልኮች ላይ ፎቶግራፍና ቪዲዮን በራሱ ወደ ውጭ የሚያከማቸውን አገልግሎት ማጥፋት፣ ወይም ሰው በተኛበት ሰዓት እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ከላይ የነገርኋችሁ ቤተ ሰብ ችግሩ የተፈታው በዚህ ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድምየው በአዲሱ ዋይፋይ ደስ ተሰኝቶ ለዓመታት ያከማቸውን ቪዲዮ ሁሉ በየማታው ይልክ ኖሮአል። ሁለተኛው በራውተሩ ማዘጋጃ ገጽ ውስጥ ኪው ኦ ኤስ በተባለው ክፍል፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን መጠን ከተለካው አቅም ከመቶ 85 ወይም 90 ላይ መገደብ ነው፤ ጥቂት ስፋት ይተዋል፤ ነገር ግን ሰልፉ በራውተሩ ሥልጣን ሥር ይሆንና መዘግየቱ ይወርዳል። ሦስተኛው፣ ራውተር መግዛት በእርግጥ ካስፈለገ፣ የአንቴናውን ቁጥር ትቶ እንዲህ ያለው የሰልፍ መቆጣጠሪያ እንዳለው መጠየቅ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ከእውነተኛነት ይቆጠራል። ቤት ውስጥ ቁሞ የሚለካ ሰው መዘግየቱ ከደጃፉ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑን ይለያል እንጂ፣ ከደጃፉ ወዲያ ያለውን መንሥኤ ሊያይ አይችልም። በቤቱ ማንም ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ወደ ራውተሩ ያለው መልስ ፈጣን ሆኖ ወደ ውጭ ያለው ማታ ማታ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ፣ ጭንቀቱ በአገልግሎት ሰጪው በኩል መሆኑ እጅግ የሚመስል ነው፤ ምሰሶው ይሁን፣ ማሠራጫው ይሁን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መስመር ይሁን፣ ቁርጥ ያለ ቃል ከቤት ሆኖ መናገር አይቻልም። ይሁን እንጂ ቀኑንና ሰዓቱን ከቁጥሩ ጋር ጽፎ የሚያመለክት ደንበኛ፣ «ኔት የለም» ብቻ ከሚል ይልቅ አቤቱታው ክብደት ያገኛል።

ከዚህ ከዋናው ቀጥሎ በአካባቢያችን የሚነገሩትን ሌሎች ተረቶች በአጭሩ ልጥቀስ።

«ኔት ሲዘገይ ሪሴት አድርገው» ይባላል። ማጥፋትና ማብራት አንድ ነገር ነው፤ ከኋላ ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ መጫን ሌላ ነገር ነው። ፊተኛው የተጨናነቀውን ማኅደር ያጸዳል፤ ስለዚህ ለጊዜው ይጠቅማል። ኋለኛው ግን የተሞላውን ዝግጅት ሁሉ ይደመስሳል፤ በኤዲኤስኤል የሚጠቀም ሰው የመጠቀሚያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አብሮ ያጣል፤ መስመሩም ፈጽሞ ይዘጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ የሆነ ሰው ከመርፌው በፊት ወደ 994 ይደውል፤ መርፌው አይቀርም ከተባለም ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ።

«አንቴና በበዛ ቁጥር ይፈጥናል» ይባላል። ብዙ አንቴና ብዙ ጅረት በአንድ ጊዜ ለማስተላለፍ ይረዳል፤ ነገር ግን ስልካችን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሁለት አንቴና ነውና፣ ከራውተሩ ስድስት አንቴና ሙሉ ጥቅም ሊያገኝ አይችልም፤ ወደ ውጭ ለሚወጣው መስመር ደግሞ አንቴናው አንዳች አይጨምርለትም።

«ዝናብ ሲጥል ዋይፋይ ይዘገያል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ ምድራችንም በአገሪቱ ዝናብ በብዛት ከሚወርድባቸው አንዱ ስለሆነ ነገሩ በቂ ማብራሪያ ይገባዋል። ዝናብ በቤት ውስጥ ያለውን የዋይፋይ ሞገድ አይጎዳም። ነገር ግን በመዳብ ሽቦ መጋጠሚያ ውስጥ ውኃ ሲገባ መስመሩ ይታወካል፤ መልእክት ይጠፋል፤ እንደገና ይላካል፤ ይህም መዘግየት ሆኖ ይታያል። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በከፍተኛ ሞገድ የሚተላለፈው መገናኛም በኃይለኛ ዝናብ ይዳከማል። ሲም ካርድ በሚገባበት ባለ 4ጂ ራውተር የሚጠቀም ሰው ደግሞ፣ በእርሱና በምሰሶው መካከል የቆመው ደን በርጥበት ጊዜ ሞገዱን አብዝቶ እንደሚውጥ ይወቅ፤ ራውተሩን ወደ ምሰሶው በሚያይ መስኮት አጠገብ፣ ከፍ አድርጎ ማኖር ብቻውን ብዙ ጊዜ ለውጥ ያመጣል።

«5 የሚል ከተጻፈበት 5ጂ ነው» ይባላል። አዲሱ ራውተር ሁለት ስም ሲያሳይና አንደኛው በ5ጂ ሲጨርስ፣ የሚያመለክተው በ5 ጊጋ ኸርትዝ የሚሠራውን ዋይፋይ እንጂ የተንቀሳቃሽ ስልኩን 5ኛ ትውልድ አይደለም። ይህ ሞገድ በአንድ ክፍል ውስጥ ፈጣንና ከጎረቤት ሽሚያ የራቀ ነው፤ ግድግዳ ሲያልፍ ግን ከ2.4ቱ ይልቅ ይደክማል። ከራውተሩ አጠገብ ላለ 5ቱ፣ ራቅ ላለ 2.4ቱ ይሻላል፤ 2.4ቱም እርስ በርስ በማይደራረቡት በ1፣ በ6 ወይም በ11 ቁጥር መሥመሮች በአንዱ ላይ ይደረግ።

«ጎረቤት እየሰረቀኝ ነው» ይባላል። ይህ ተረት ገንዘብ ሳይሆን ፍቅርን ስለሚያጠፋ እጅግ አዝንበታለሁ። ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም፤ ግን ከመጠርጠር በፊት በራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር አለና ይታይ፤ የማይታወቅ ከተገኘም የይለፍ ቃል መለወጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህ በፊት ማንም ሰው በማንም ሰው ላይ ክፉ ቃል ሊናገር አይገባውም።

«ራውተር አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ውስጥ ይቀመጥ» ይባላል። ሐሳቡ ከንጽሕና የመጣ ቢሆንም፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ የቡፌው መስታወትም ጀርባው በብረት የተቀባ ከሆነ ሞገዱን መልሶ ይጥለዋል፤ የቆርቆሮ ግድግዳም እንደዚሁ ነው። ራውተር በቤቱ መካከል፣ ከፍ ብሎ፣ ገላውን ተራቁቶ ይቀመጥ።

«ዲ ኤን ኤስ ከተለወጠ ፒንግ ይወርዳል» ይባላል። ዲ ኤን ኤስ የገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚመልስ አገልግሎት ነው፤ ፈጣን ሲሆን ገጹ መከፈት የሚጀምርበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ ግን በመንገዱ ላይ ሥልጣን የለውም።

ይህን ሁሉ ያተትሁት ነገሩ ከጨዋታና ከፊልም በላይ ስለሆነ ነው። ክልላችን የመንግሥት መቀመጫውን በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ያከፋፈለ፣ ዩኒቨርሲቲውም በሚዛንና በቴፒ የተከፈለ፣ ልጆቹም በብዙ አገር የተበተኑ ምድር ነው፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ እርስ በርሱ ሳይዘገይ መነጋገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዕቃ የምትሸጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ደንበኛችሁ «ዘገየብኝ» ሲላችሁ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት በስልካችሁ ለክታችሁ አሳዩት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት፤ እምነትም ታተርፉበታላችሁ። ገዢ የሆንህም ወገኔ፣ ቁጥሩን በዓይንህ ሳታይ ገንዘብህን አታውጣ፤ በዕረፍት ጊዜና በጭነት ጊዜ ያለውን መዘግየት አስተያይቶ ያላሳየህ ሰው የሚሰጥህ ምክር፣ ምንም ያህል በድፍረት ቢነገር፣ ግምት ብቻ ነው።